የአባዬ ሳንባ በሰው አንገት ላይ

ሱቃችን ግድግዳ ላይ የሰው አጥንት ተሰቅሏል። ይህን ስል የሚደነግጥ ስለማይጠፋ ቶሎ ላስረዳ፤ አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ዙሪያውን በጠመኔ የሚስልበት ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል፤ ለኪሱም፣ ለኮሌታውም፣ ለእጅጌውም ጫፍ። እኛ ቤት ይሄን «ልክ» እንለዋለን። ሌላው ልብስ ሰፊ ልኩን ከካርቶን ይቆርጣል። ካርቶን ደግሞ ጠርዙ ይበላል፣ ትንሽ እርጥበት ከነካው እንደ ሰነፍ ተማሪ ይልፈሰፈሳል። የአባዬ ልክ ግን ከአሮጌ የራጅ ፊልም ነው። ጠመኔው ጠርዙን ይዞ ሲሄድ ይንሸራተታል እንጂ አይያዝም። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ እጁ የተሰበረ፣ ጉልበቱን ያመመው፣ ከዛፍ የወደቀ ሁሉ ሲድን ራጁን ለአባዬ ያመጣለታል። የዳቦ ጋጋሪው ጉልበት የሱሪ ኪስ ሆኗል። የድሮ አስተማሪዬ ክርን የእጅጌ ጫፍ ሆኖ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን እስክተወው ድረስ በዚያ ክርኗ ነበር የምትጎሽመኝ፤ አሁን ባለፍኩ ቁጥር እኔ እጎሽመዋለሁ።

ሰፈሩ አባዬን «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ሰው ሰላም ሲለው እጁን እየጨበጠ በዓይኑ ትከሻውን ይለካል። የሱ ኮሌታ ደግሞ ዝነኛ ነው፤ ውስጡ ምንም ማጠንከሪያ ሳይገባበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቢታጠብም አንገቱን አይደፋም። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። አባዬን ጉንፋን ያዘው፣ ጉንፋኑ ሄደ፣ ሳሉ ግን ቤት ተከራየ። እማዬ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ደረቱን ራጅ አነሱት። ሳሉ ለካ ምንም አልነበረም፣ በሽሮፕ ጠፋ። ፎቶው ላይ ግን፣ በቀኝ ሳንባው በላይኛው በኩል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ክብ ነገር ታየች። ከዚያ ሲቲ ስካን የሚሉት፣ ሰውን በፎቶ እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ ውስጥ አስገቡት። ነጯ ነገር አሁንም አለች። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ነገር የማያስረዝም ሰው ነው። «ድሮ ያጨሱ ነበር፣ ዕድሜዎም ገፋ ብሏል። ካንሰር ልትሆን ትችላለች። ደረትዎን ከፍተን እናውጣት» ብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት አልጋ ያዘለት። «ከዚያ በፊት ግን የራጅ ሐኪሟ ታነጋግራችሁ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ጨውን ስኳር ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረች። አባዬ የተቀበለውን ሥራ ሁሉ ከቀጠሮው በፊት ልጨርስ ብሎ የስፌት መኪናውን ሲያንደቀድቅ ይውላል።

«ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ» ትለዋለች እማዬ።

«የሙሽራ ሱሪ ባንድ እግር ትቼ ብሞት በየሰርጉ ስታማ ልኖር ነው።»

«ሞት ሞት አትበልብኝ።»

«ሱሪ ሱሪ ነው ያልኩት።»

እኔ ደግሞ ስፈራ አፌ ይፈጥናል። በዚያ ሳምንት ያልተሳደብኩት ሰው ቢኖር ሱቃችን ያልመጣ ብቻ ነው።

የራጅ ሐኪሟ ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ሁለት ትልልቅ ስክሪን አለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ድሮ ፊልም ይነበብበት የነበረ፣ ከውስጡ የሚበራ ነጭ ሰሌዳ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። የነጭ ጋውኗ ኮሌታ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ተጣጥፏል። አባዬ ይሄን ሲያይ ስለ ሳንባው የረሳ መሰለኝ፤ ዓይኑ እዚያው ተተከለ።

ስክሪኑ ላይ የአባዬ ደረት በራ። እኔ ገና ከበሩ ነጯን ነገር አየኋት።

«ያቻትና» አልኩ።

«አያታለሁ» አለች ሐኪሟ ሳትዞር። ግን አላየቻትም። ከትከሻው አጥንት ጀመረች። ከዚያ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ወረደች። ከዚያ ልቡን፣ ከዚያ ምንም የሌለበትን ግራ ሳንባውን ከላይ እስከ ታች። ትዕግስቴ አለቀ።

«ዶክተር፣ ነገሩ እኮ በወዲያኛው በኩል ነው።»

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አውቃለሁ እህቴ» አለች ሐኪሟ። «አንዱ ሌባ የታወቀ ዕለት ነው ሌላው ሌባ የሚያመልጠው። እሷን መጨረሻ ነው የማያት።»

ይሄን ስትል ወደድኳት። አባዬም ወደዳት መሰለኝ፣ ወንበሩን አስጠጋ። እሱም ሸሚዝ ሲመረምር የታወቀውን ቀዳዳ መጨረሻ ነው የሚያየው።

ወደ ነጯ ነገር ስትደርስ ብዙ ቆየች። አጎላቻት፣ አሳነሰቻት፣ በዚህም በዚያም አዞረቻት። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ይሄ ክፉና ደግ የምትሉት በምኑ ነው የሚለየው?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን «እሱን ለኛ ይተዉት» ይል ነበር። እሷ ግን ስም የሌለባቸው ሁለት ሌሎች ፎቶዎች አመጣችና ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

«ይህችን ይዩ። ጠርዟ የተከረከመ ነው፣ ውስጧ እንደ ኖራ ጠጥሯል። የቆየ ቁስል ድኖ የተወው ጠባሳ ናት። ሰውየው ዛሬም ብስክሌት ይነዳል። ይህች ደግሞ ዙሪያዋን እሾህ አውጥታለች፣ አጠገቧ ያለውን ሳንባ ወደ ራሷ ትጎትታለች። ይህች ክፉ ነበረች።»

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። «አንዷ የተዘመዘመች ናት፣ አንዷ ጠርዟ የተተረተረ።»

«ልክ እንደሱ።»

«የኔስ?»

«የእርስዎ መሃል ላይ ናት። በዚህ በኩል ለስላሳ ናት፣ በዚህ በኩል ጎርበጥ ትላለች። መጠኗም ለክፉም ለደግም ይሆናል።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«አላውቅም።»

እኔ በዕድሜዬ አላውቅም የሚል ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም። የስልክ ጠጋኝ እንኳ አላውቅም አይልም፤ ከፍቶ አበላሽቶ ነው የሚመልስልህ። እሷ ግን ቃሉን ስትናገር ዓይኗን አልሰበረችም። ቀጥ ብላ አባዬን እያየች ነው ያለችው።

«ላስረዳዎት» አለች። «በመርፌ ናሙና እንዳንወስድ ትልቅ የደም ሥር ተደግፋለች። ዝም ብለን እንዳንጠብቅ፣ ክፉ ከሆነች የምትፈልገው ጊዜ ነው። እንዳንከፍት፣ ደግ ከሆነች የጤነኛ ሰው ጎን ቀደድን ማለት ነው። ክፉ ነገር ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ያድጋል። ዓመታት ሙሉ ሳታድግ የተቀመጠች መሆኗን ባውቅ ቢላዋውን አስቆም ነበር። ከዚህ በፊት ደረትዎን ራጅ ተነስተው ያውቃሉ?»

አባዬ አሰበ። «ዩኒፎርም ፋብሪካ ስቀጠር አንስተውኛል። ይህች ልጅ ገና ዳዴ ትል ነበር።»

ሐኪሟ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ፊልሙን ሰጥተውዎት ነበር?»

«ሰጥተውኛል።»

«የት አለ?»

አባዬ እማዬን አየ። እማዬ እኔን አየች። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

«ሰዎች ለብሰውታል» አልኩ።

ነገሩን ስናስረዳት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና «ስንት ቦታ ቆርጠውታል?» ብላ ጠየቀች። አባዬ አላስታወሰም። «ቁራጩም ቢሆን ያናግረኛል። ፈልጋችሁ አምጡልኝ» አለች። ልንወጣ ስንል አባዬ በሩ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኮሌታዎ ገብቷል። የርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የሰፊው ነው።»

«እርስዎ የኔን ኮሌታ ይተዉና ደረትዎን ያምጡልኝ» አለችው።

እማዬ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምራ አላውቅም ትላለች። እኔም እኮ አላውቅም፣ ለዚህ ደረጃ ወርጄ ምድር ቤት መግባት አለብኝ?» ቤት እስክንደርስ ስም አውጥታላት ነበር፤ ዶክተር አላውቅም።

ሱቁን ዘግተን የአጥንት ፍለጋ ጀመርን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አባዬ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፣ ምንም ነገር አይጥልም። ከግድግዳው፣ ከመሳቢያው፣ ከመኪናው ሥር ያለውን ልክ ሁሉ አውጥተን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከመርነው። እኔ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳሁ አየሁ። ጉልበት። ጥርስ። ማን እንደሰጠን የማላውቀው ዳሌ። «ይሄስ የማን ነው?» ስል እማዬ ቀና ብላ አየችና «የባልቴቷ ነው፣ አስቀምጪው፣ አታሳፍሪያት» አለችኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው የደረት ኪሱን ልክ ነው። ጥጉ ላይ በትንንሽ ነጭ ፊደል የአባዬ ስምና ቀኑ ተጽፏል። እማዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስሙ ካለ ሌላውም አለ ማለት ነው። አባዬ ሲቆርጥ ምላጩን ባንድ ትንፋሽ ስለሚነዳው ቁራጭና ቁራጭ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል። ከኪሱ ጋር የሕፃን ሸሚዝ ጀርባ ልክ ገጠመ፤ ልቡም የጎድን አጥንቱም እዚያ ላይ አለ። ወደ መስኮቱ ሳነሳው አጥንቶቹ መሃል፣ ከፍ ብሎ፣ ነጭ ክብ ነገር አየሁ።

«አገኘኋት» አልኩ። «እማ፣ አለች። ያኔም ነበረች።»

እማዬ አቀፈችኝ። አባዬ ግን ፊልሙን ተቀብሎ ብዙ አየው።

በማግስቱ እየሮጥን ሄድን። ሐኪሟ ቁራጮቹን ነጩ ሰሌዳ ላይ ሰካችና እንደ ልማዷ ከአጥንት ጀመረች። እኔ ጣቴን እያፍተለተልኩ ጠበቅኩ። ነጯ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ከዚያ ጥጥ ውሃ ነክራ ቀስ ብላ ጠረገች።

ነጯ ጠፋች።

«ጠመኔ ነው» አለች።

የልብስ ሰፊ ቤት ነንና ከሰው ሳንባ ላይ ጠመኔ አገኘን። ሐኪሟ ፊቴን አየችና ወንበር ሰጠችኝ። «እኔም ሥራ በጀመርኩበት ወር ሸሚዝ ላይ ያለ ቁልፍ ዕጢ ነው ብዬ ሰው አስደንግጫለሁ» አለች። «ለዚህ ነው አሁን የሰዉን ሸሚዝ ቀድሜ የማስወልቀው። ደግሞም ይሄ ግራ ሳንባው ነው። ፎቶ ላይ ሰው ፊት ለፊትሽ እንደቆመ ነው የሚታየው፣ ቀኙ በግራሽ ይውላል። የምፈልገው ቀኙን ነው፣ ላይኛውን። የለም?»

የለም። ከጀርባው ልክ ጎን ጠርዙ ጎበጥ ብሎ የተቆረጠ አንድ ባዶ ቦታ አለ። አባዬ ጉብታውን በጣቱ ተከተለና እጁን ሰበሰበ። ፊቱ ተለወጠ።

«ኮሌታው ነው» አለ። «ያ ሌባ ጋ ነው።»

ሌባ የሚለው ቄንጠኛውን ነው። ቄንጠኛው ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ጫማው ሹል፣ ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣ ክር ሲበጥስ እንኳ ትንሿን ጣቱን የሚያነሳ ሰው። ሙያውን የተማረው ከአባዬ ነው። የራሱን ሱቅ ሊከፍት ሲወጣ የኮሌታው ልክ አብሮት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ሰላም አይባባሉም። አባዬ አዲስ የኮሌታ ልክ ቆርጦ ነበር፤ ፊልምም ቢሆን በሥራ ብዛት ጠርዙ ስለሚያልቅ በየጊዜው ይቀይረዋል፣ ግን ሁሌም «የመጀመሪያውን አያህልም» ይላል።

«ሂድና ጠይቀው» አለችው እማዬ ቤት ስንገባ።

«ደረቴን ይክፈቱት እንጂ እዚያ ደጅ አልቆምም።»

«ሳንባህ እኮ ነው።»

«ኮሌታዬም ነው።»

እማዬ ካውያውን ጠረጴዛው ላይ እንዲህ አስቀመጠችው፤ እንዴት እንዳስቀመጠችው አልነግራችሁም። እኔ ክር ልግዛ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ተሻገርኩ።

ቄንጠኛው መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ሸሚዝ እጅጌ እየለካ ነበር።

«የጋሽ ሜትር ልጅ» አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። «ምን እግር ጣለሽ? አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አባዬ እዚህ መምጣቴን ቢያውቅ ምላሴን በመቀስ ይከረክመዋል።»

«ምላስሽማ ቢከረከም ሰፈሩ ያርፋል። ምን ፈለግሽ?»

«ኮሌታውን።»

ዞረ። «የምን ኮሌታ?»

«የሰረቅከውን።»

እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሰው ስለምን እንኳ እሰድባለሁ። ቄንጠኛው ከት ብሎ ሳቀና በሩን አሳየኝ። እግሬ ግን እንቢ አለ። ያን ጊዜ ነው ድምፄ የተሰበረው።

«ጋሼ፣ እሱ ኮሌታ አይደለም። የአባዬ ሳንባ ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ነጯን ነገር፣ አልጋው እንደተያዘ፣ ጠመኔውን ሳይቀር። ሰማኝና ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ልኩን ይዟል። ሚስማር ላይ እንደኛ አላንጠለጠለውም ነበር፤ በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያኖረው። ጨርቁን ፈታና ወደ መስኮቱ አነሳው። የጎድን አጥንቶች ታዩ።

«በየቀኑ ነው የማየው» አለ። «የማን አጥንት ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

«ሰርቀህ ነው አይደል?»

«ሰርቄ ነው» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቄንጥ። «ብዙ ሰው ጋ ሠርቻለሁ። እንደ ጋሼ ኮሌታ የሚያወጣ አላየሁም። ብለምነው አይሰጠኝም ነበር።»

«አይሰጥህም ነበር» አልኩ።

ልኩን ጨርቁ ላይ አኖረው፣ ከዚያ «አንዴ ቆዪ» አለና ካርቶን አምጥቶ በእርሳስ ዙሪያውን ቀዳው።

«አሁንም እየሰረቅክ ነው» አልኩት።

«አሁን እያየሽኝ ነው፣ ስርቆት አይባልም።» ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደጅ ድረስ ሸኘኝ፣ አስፋልቱን እስክሻገርም እዚያው ቆሞ ነበር።

አባዬ ጥቅሉን ሲፈታ ምላሴን ለመከርከም መቀስ አላነሳም። ልኩን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዞረ። «አልበላም» አለ። እማዬ ደግሞ ቶሎ ገባት። «አንተ ጋ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተፍቆ ተፍቆ አልቆ ነበር» አለችው። «ሌባህን አመስግን።»

ሆስፒታል ሦስታችንም ሄድን። አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ ማውጣት ረስቶ ነበር። ሐኪሟ ሰሌዳውን አበራች። የኪሱን ልክ ጥጉ ላይ፣ የጀርባውን ልክ ከአጠገቡ፣ ኮሌታውን በባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች። ሦስቱ እንደ ስፌት ገጠሙ። አባዬ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረው ቀጭኑ አባዬ፣ ግድግዳው ላይ ቆመ። ከጎኑ ያን ቀን ጠዋት እንደገና ያስነሳችውን አዲስ ራጅ ሰቀለች። «የድሮውን ራጅ ከራጅ ጋር እንጂ ከሲቲ ጋር አላወዳድርም፤ ሸሚዝን ከካፖርት ጋር አይለኩም አይደል?» አለችው አባዬን። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

ኮሌታው ላይ ለሚስማር የተበሳ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው የተበሳው በቀኙ ሳንባ፣ ከላይ፣ ልክ እዚያ አካባቢ ነው። አባዬም አየው። ራሱ ነው የበሳው። እጁን እማዬ እጅ ውስጥ ከተተ።

ሐኪሟ ከአጥንት ጀመረች። የዚያን ዕለት አልቸኮልኳትም። የትከሻውን፣ የጎድኑን፣ የልቡን፣ የግራ ሳንባውን ሁሉ አብሬያት አየሁ። ከዚያ ቀዳዳው ጋ ደረሰች። ከቀዳዳው ጎን፣ ሚስማሩ ለጥቂት የሳታት፣ ነጭ ክብ ነገር ነበረች።

እኔ ጥጡን አቀበልኳት። ጠረገች። ነጯ አለች። ፊልሙን ገልብጣ በጀርባው ጠረገች። ነጯ አሁንም አለች።

«ጠመኔ አይደለችም» አለች ሐኪሟ።

በዚህ ደስ ይበለን ወይ አላወቅንም። እሷም አልነገረችንም። የድሮዋን ለካች፣ የአዲሷን ለካች፣ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠችና ከሚቀጥለው ክፍል አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጠራች። ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳገኘች ምንም አልነገረችውም። «ጋሼ፣ እነዚህን ሁለቱን ይለኩልኝ» ብቻ አለችው። ሽማግሌው የተሸነሸነውን ፊልም አየ፣ እኛን አየ፣ የአባዬን ሜትር አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ ለካና ጽፎላት ወጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ያገኘሁትን በጆሮው ሹክ ብዬው እንዲስማማኝ አደርገው ነበር። እሷ ግን የምትፈልገው እንዲያስተባብላት ነው። እውነቱን ለማግኘት ሰው በራሱ ላይ ምስክር ሲጠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባዬ አዞረች።

«ያው ናት» አለች።

«ያው ማለት?» አለች እማዬ።

«ያኔም እዚሁ ነበረች። ያኔም ይህንኑ ታህል ነበር፣ ያች የምትጎረብጠው ጎኗ ሳትቀር። በዚህ ሁሉ ዓመት የክር ውፍረት አላደገችም። ካንሰር ይሄን ያህል አይታገስም። ልጅ ሆነው ወይ ጎልማሳ ሆነው ሳንባዎ አንዴ ቆስሎ ራሱ ድኗል። ጠባሳ ናት።»

አባዬ ሲናገር ድምፁ ቀጠነ። «ያውቃሉ?»

«አሁን አውቃለሁ» አለች። «ቢሆንም ከስድስት ወር በኋላ አንዴ አያታለሁ። ማወቅና መዘናጋት ለየብቻ ናቸው።»

እማዬ እንባዋን በነጠላ ጫፍ ሳይሆን በእኔ እጅጌ ጠረገች። ሐኪሟ ቀዶ ጥገና ሐኪሙን በስልክ ጠራችው፤ እሱም ወርዶ አየ፣ ቁራጮቹን ሲያይ ፂሙ ውስጥ ፈገግ አለ፣ «እንኳን ቢላዋዬን አስቀመጥሽው፤ አልጋውን ለሚያስፈልገው ሰው እንስጠው» ብሎ ሄደ። በሱም ደስ አለኝ። ተሳስተሃል ሲባል ደስ የሚለው ወንድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ ተነሳና እጁን ወደ ሰሌዳው ሰደደ፤ ኮሌታውን ሊያነሳ።

«አይቻልም» አለች ሐኪሟ።

«ዶክተር፣ እሱ እኮ የኮሌታዬ ልክ ነው።»

«የሳንባዎ ልክ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም ቢላዋ ቢያነሳ የማሳየው ይሄን ነው።»

አባዬ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጋውኗ ኮሌታ ሄደ፤ አሁንም በግራ በኩል ገብቷል። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና «እሺ። አንዴ ይቁሙልኝ» አላት። የራጅ መዓት ያነበበች ሴት እንደ ልጅ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እሱም አንገቷን ለካ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ሐኪሟን «ዶክተር አላውቅም» ማለቷን አልተወችም። ግን አሁን ስትለው ጎረቤት ቁጭ ብሎ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። «ሌሎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ዶክተር አላውቅም ብቻ ናት ያወቀችው» ትላለች።

ለሐኪሟ አዲስ ጋውን ያወጣው ጨርቅ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለ ነው። አባዬ ጀርባውንና እጅጌውን ቆርጦ ጨረሰ፤ ኮሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። የራሱን ያለቀ ልክ አነሳ፣ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ መልሶ አስቀመጠ። በሩ ላይ ቆሞ ማዶውን አየ። ገባ። ሻይ ጠጣ። እንደገና በሩ ላይ ቆመ። እኔ ክር እየጠቀለልኩ አላይም ብዬ አያለሁ። በመጨረሻ ተሻገረ። እኔም ክር ልገዛ ተከተልኩት።

ቄንጠኛው ሲያየው መቀሱን አስቀመጠ። ጸጉሩን ለማስተካከል እንኳ ረሳ።

«እንደምን ዋልክ» አለ አባዬ።

«እግዜር ይመስገን ጋሼ። ደረትዎስ?»

«አለ። ሐኪም ቤት ቀረ።» አባዬ ግድግዳውን አየ። «ልጅቷ ልኩን ቀድተኸዋል ብላኛለች።»

ቄንጠኛው ካርቶኑን አመጣ። አባዬ ተቀብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዞረ።

«ካርቶን ነው» አለ።

«ካርቶን ነው ጋሼ።»

«ጠርዙ ይበላል።»

«ይበላል።»

አባዬ ካርቶኑን ብብቱ ሥር አደረገ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሳይዞር ተናገረ።

«የዳቦ ጋጋሪው ሌላኛው ጉልበት ፊልም አለኝ፣ ገና አልቆረጥኩትም። ለሁለታችንም ይበቃል። ምላጭህን ይዘህ ና።»